ከፍሎ የሚሮጥ ሰው

ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቀርፋፋ ሯጭ መሆን ከባድ ነው። ጎጃም ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እኛ አገር ሩጫ ሥራ ነው። ውጭ ሄዶ የሮጠ ሰው ሲመለስ ወይ ቤት ይሠራል፣ ወይ መኪና ይገዛል፣ ሌላው ቢቀር ለሰፈሩ በግ ያርዳል። እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ ትንሽ መድኃኒት ቤት ያለኝ፣ አርባን የተሻገርኩ፣ የደም ግፊት ክኒን ለሰው እየሸጥኩ የራሴ ግፊት ሲጨምር ሩጫ የጀመርኩ ሰው ነኝ። በርሊን ማራቶን ሮጬ ስመለስ ይዤ የመጣሁት አንድ ሜዳሊያ፣ የጠቆረ የእግር ጥፍርና የእኅቴን ዕዳ ነው።

ነገሩ የሆነው መስከረም 2012 ዓ.ም. ነው። አሁን የምጽፈው ሰሞኑን እዚህ ከተማ ማለዳ የሚሮጡ ልጆች «እንዴት ነው የሚኬደው?» እያሉ ስለጠየቁኝ ነው። መልሱ ረጅም ነው።

መጀመሪያ ሰው የማይገባው ክፍያው ነው። ጎረቤታችን አያ፣ እኔን ከልጅነቴ የሚያውቁኝ ሽማግሌ ናቸው፣ ልሄድ መሆኑን ሰምተው ሱቅ ድረስ መጡ።

«ስንት ይከፍሉሃል?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ የምከፍለው፣ አያ።»

«ለመሮጥ?»

«አዎ።»

ትንሽ ዝም ብለው አዩኝና «ታዲያ እዚህ እንዳትሮጥ ማን ከለከለህ?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ግን እኛ ማራቶንን የምናውቀው ከፊት በኩል ብቻ ነው። አበበ ቢቂላ በፈረንጆቹ 1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ 1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ በጫማ፤ ከዚያ ማሞ ወልዴ 1968 ሜክሲኮ። ሁልጊዜ ካሜራው የሚከተለው የፊተኛውን ሰው ነው። አሸናፊው ባንዲራ ለብሶ ስቴዲየሙን ሲዞር እኛም ቴሌቪዥኑን እንዘጋለን። ከኋላው ገና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ እየሮጠ መሆኑን፣ ከእነሱ መሀል የባንክ ሠራተኛ፣ አስተማሪ፣ ጡረተኛ፣ ከካንሰር የዳነች ሴት መኖሯን፣ ሁሉም ደግሞ ለመሮጥ ከኪሱ የከፈለ መሆኑን ያሳየን የለም። አዲስ አበባ ታላቁ ሩጫ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ስላለ ሰው ካናቴራ ገዝቶ እየጨፈረ 10 ኪሎ ሜትር መሮጡን ለምዷል። ማርቆስ ግን ገና ነው።

እኛ ጋ ጎልማሳ ሰው መንገድ ላይ ሲሮጥ ከታየ ወይ እሳት ተነስቷል ወይ ሰው ሞቷል። በሮብ ገበያ መንገድ፣ ወደ ጮቄ በሚወስደው ዳገት ስሮጥ ከገበያ የሚመለሱ እናቶች ደረታቸውን ይዘው «ማን ሞተ ልጄ?» ብለውኛል። «ማንም አልሞተም እማማ፣ ለጤናዬ ነው» ስላቸው ደግሞ ይበልጥ ያዝኑልኛል። ውሻውስ? ለውሻው ዱላ ይዤ እሮጥ ነበር። ዱላ ይዞ የሚሮጥ ሰው ምን እንደሚመስል አስቡት፤ አንድ ቀን እረኞች ሌባ የማባርር መስሏቸው ከኋላዬ ተከትለው ሮጠዋል። ያን ቀን ጥሩ ሰዓት አስመዘገብኩ።

የበርሊን ማራቶን የሚካሄደው መስከረም ላይ ነው። ለፈረንጅ ይህ ማለት በበጋው ደረቅ አስፋልት ላይ መዘጋጀት ማለት ነው። ለጎጃም ሰው ግን ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ማለት ነው። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ሌሊቱን ያድራል፣ ጠዋት ጭቃው ጫማ ይጎትታል፣ ጉሙ ደግሞ ከፊትህ የሚመጣውን አይሱዙ እንኳ አያሳይም። አስፋልቱን ትቼ ጠጠሩን፣ ጠጠሩን ትቼ አስፋልቱን እያልኩ ከረምኩ። በዚህ ላይ ረጅሙ ልምምድ የሚደረግበት ጊዜ ከፍልሰታ ጾም ጋር ይገጥማል። ነሐሴ 1 ይገባል፣ እስከ 16 ነው። የሥልጠና መጽሐፉ «ከሩጫ በኋላ ባሉት 30 ደቂቃዎች ውስጥ እንቁላል ወይም ወተት» ይላል፤ እማዬ ደግሞ ቅዳሴ ሳያልቅ ውኃም አትቀምስም ትላለች። የተስማማነው ረጅሙን ሩጫ ወደ ማታ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሱፍ ፍትፍትና ሽሮ በልቼ ጥቂት ካረፍኩ በኋላ እንዲሆን ነው። ሌላው በሶ ነው። ፈረንጆቹ በትንንሽ ከረጢት የሚሸጡትን ጣፋጭ ጄል ሞክሬው አልተስማማኝም። በሶ በማር ግን ሆድ አይረብሽም፣ ይዞም ይቆያል።

ቪዛው ራሱን የቻለ ማራቶን ነው። ያኔ የሸንገን፣ ማለትም የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ፣ ማመልከቻ ከጉዞው ከሦስት ወር በፊት አይቀበሉም ነበር፤ አሁን ስድስት ወር ሆኗል። ሦስት ወሩን ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ሰኔ 2011 ላይ ይወድቃል። በዚያ ሰኔ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ ኢንተርኔት በአገሪቱ ጠፋ። ለእኔ ትልቁ ጭንቀት እሱ አልነበረም፣ ሰው ያለቀሰበት ጊዜ ነው፣ ግን ቀጠሮ የሚያዘው በኢንተርኔት ነበርና ሲከፈት አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ሌሊት ተነስቶ ያዘልኝ። ከዚያ ወረቀቱ፦ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የቤት ካርታ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የእኅቴ የጥሪ ደብዳቤ፣ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ፣ ላዩ ላይ 60 ዩሮ ክፍያ። ዩሮው ያኔ 32 ብር ገደማ ነበር፤ አሁን ይህን የሚያነብ ሰው ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ።

መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ሴት የመመዝገቢያ ወረቀቴን አገላብጣ «ሰዓትህ ስንት ነው?» አለችኝ። «አራት ሰዓት ተኩል አካባቢ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። መቼም ከአገሬ ሰው እንዲህ ያለ መልስ የለመደች አይመስለኝም። «ኢትዮጵያዊ ነህ?» አለች፣ ፓስፖርቴ እጇ ላይ እያለ። ይህ ቀርፋፋነቴ ሳይረዳኝ አልቀረም፤ በዚያ ሰዓት የሚሮጥ ሰው ለሽልማት ሄዶ እዚያው ይቀራል ተብሎ አይጠረጠርም።

የመመዝገቢያውን ገንዘብ የከፈለችልኝ በርሊን ያለችው እኅቴ ናት። መሮጥ የሚፈልገው ብዙ ስለሆነ ሰው የሚመረጠው በዕጣ ነው፣ ዕጣው የሚወጣው ደግሞ ከሩጫው ብዙ ወራት በፊት ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው በካርድ ይከፍላል፤ የእኛ አገር ካርድ ደግሞ ያኔ ከአገር ውጭ አይሠራም። ዕዳ ያልኩት እሱን ነው። ትኬቱ ሲጨመር ዕዳው ቁም ነገር ሆነ።

ጉዞው ላይ ብዙ አልቆይም። ዓባይ በረሃን በሌሊት መኪና ወርዶ መውጣት፣ አዲስ አበባ፣ ፍራንክፈርት፣ ከዚያ በባቡር በርሊን። እማዬ ለእኅቴ ሦስት ኪሎ የተነጠረ ቅቤ አሽጋ ሰጥታኝ ነበር፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ መንገደኛ ይዞ መግባት እንደማይችል ማስረዳት ከማራቶኑ በላይ ደከመኝ። በመጨረሻ በሶውና ማሩ ሄደ፣ ቅቤው አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ቀረ።

ዓርብ የደመራ ዕለት ነበርኩ በርሊን፣ ቅዳሜ መስቀል። እኅቴ ለበዓሉ ዶሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። ሽታው እስከ ደረጃው ድረስ ይመጣል። ግን ነገ 42 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው ዛሬ በርበሬ ከበላ ነገ የሚፈልገው መጸዳጃ ቤት እንጂ ሜዳሊያ አይሆንም። መስቀልን ያሳለፍኩት ነጭ ፓስታ እየበላሁ ነው። በእውነት ይህ ከዳገቱም ከጭቃውም የከፋ ነበር። ቅዳሜውኑ ቁጥሬን ለመውሰድ ቴምፐልሆፍ ወደሚባለው አሮጌ አውሮፕላን ማረፊያ ሄድን። ክንዴ ላይ ጨርቅ አምባር አሰሩልኝ፤ ሩጫው እስኪያልቅ አይፈታም። አውሮፕላን ማቆሚያው ውስጥ ሰው እንደ ቅዳሜ ገበያ ይጋፋል። ከ40 ሺህ በላይ ሯጭ ያውም።

እሑድ ማለዳ። መነሻው ጫካ በሚመስል ሰፊ መናፈሻ መሀል የሚያልፍ መንገድ ላይ ነው። አምድ አለ፣ ከላዩ ክንፍ ያላት ወርቃማ ሐውልት ቆማለች። እማዬ ፎቶውን አይታ «ገብርኤል ነው?» ብላኛለች። ሰው ብርዱን የሚከላከለው ቆሻሻ መጣያ ፌስታል አንገቱ ላይ ቀዶ በመልበስ፣ ወይም አሮጌ ሹራብ ደርቦ ሲነሳ አጥሩ ላይ በመወርወር ነው። የሚወረወረው ልብስ ተሰብስቦ ለችግረኛ ይሰጣል ይላሉ። አንዳንዱ ሹራብ ግን ማርቆስ ላይ ለበዓል የሚለበስ ነው፤ ዓይኔ እሱ ላይ ቀረ።

ፈጣኖቹ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሱ። እኛ የኋላው ሕዝብ በየተራ ስለምንለቀቅ ቆይተን ነው የተነሳነው። ሰዓቱ ግን ለእያንዳንዱ ሰው የሚቆጠረው ጫማው ላይ ካለው ቺፕ ነው፣ ስለዚህ ዘግይቶ መነሳት አይጎዳም። መንገዱ ላይ ሰማያዊ መስመር ተቀብቷል። 42.195 ኪሎ ሜትሩ የተለካው በዚያ ነው፤ በሰው ብዛት ከመስመሩ እየወጣህ ስትዞር ትርፍ ትሮጣለህ።

ትንፋሹ ይገርማል። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ በርሊን ከባሕር ወለል ብዙም አትርቅም። ሳንባዬ ምንም የሚሠራው ሥራ የሌለ መሰለኝ። እግር ግን ሌላ ነው። እኛ ጋ ዳገትና ቁልቁለት ስላለ አንዱ ጡንቻ ሲደክም ሌላው ይተካዋል፤ በርሊን ግን እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ነው፣ ያው ጡንቻ ያለ ዕረፍት ይመታል። ከ25 ኪሎ ሜትር በኋላ ዳገት ናፈቀኝ ብላችሁ ታምናላችሁ?

ክሮይትስበርግ በሚባለው ሰፈር ባንዲራ የያዙ አበሾች ቆመው ነበር፣ እኅቴም መሀላቸው። እልልታው ሩቅ ይሰማል። ስደርስ አንዱ ወጣት ስልኩን ወደ ላይ አንስቶ «ቀነኒሳ! ቀነኒሳ አሸነፈ! በሁለት ሰከንድ ሳተው!» እያለ ይጮኻል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ኬንያዊው ኪፕቾጌ እዚያው ከተማ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ39 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ይዞ ነበር። ቀነኒሳ ደግሞ በ2፡01፡41 ገባ። ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፣ ከዚያ ብርሃኑ ለገሰን ደርሶ ያለፈው መጨረሻው ላይ ነው። ሁለተኛ ብርሃኑ፣ ሦስተኛ ሲሳይ ለማ፤ በሴቶችም አሸቴ በከሬ አንደኛ። እኔ ያን ጊዜ ገና ግማሹን አልደረስኩም! ቆሜ ላልቅስ ወይስ ልሳቅ አላውቅም። ሁለት ሰከንድ ማለት አንድ ሰው ጫማውን እያየ የሚያባክነው ጊዜ ነው። ኃይሌ በፈረንጆቹ 2008 ላይ 2፡03፡59 የሮጠው በዚሁ ከተማ ነው፤ እኛ ከኋላ የምንጓዘው በዚያው አስፋልት ላይ ነው። ይህን ሌላ ስፖርት አይሰጥህም። ኳስ የሚወድ ሰው ከመሲ ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ጨዋታ ሊጫወት አይችልም። እኔ ከቀነኒሳ ጋር አንድ ውድድር ላይ ነበርኩ። የተለያየነው በሰዓት ብቻ ነው፣ እሱም ብዙ ነው፣ ይሁን።

ከዚያ ወዲያ ዝናብ ያዘን። ለእኔ ክረምቱ ተመልሶ መጣ እንጂ አዲስ ነገር አልነበረም። ውኃ በሚታደልበት ቦታ ሞቅ ያለ ሻይ ይሰጣሉ፤ ሩጫ መሀል ሻይ መጠጣት ያስቃል፣ ግን በዚያ ብርድ ማንም አልሳቀም። ያስቸገረኝ ካናቴራዬ ነበር። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ፣ ደረቱ ላይ «ኢትዮጵያ» የሚል። ተመልካቹ ሁሉ ካናቴራውን አይቶ «ኃይሌ! ኃይሌ!» እያለ ይጮኻል፣ በዚያች ቅጽበት ፀጉራቸው የሸበተ ጀርመናዊት እናት በጎኔ አልፈውኝ ይሄዳሉ። በጎ ሴት ናቸው፣ ዞር ብለው በእጃቸው «ና፣ ና» አሉኝ። የተወሰነ መንገድ አብረን ሮጥን። ከዚያ ጥለውኝ ሄዱ።

የብራንደንቡርግ በር ስር ሲያልፉ ብዙ ሰው ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም፤ ከበሩ በኋላ ጥቂት መቶ ሜትር ይቀራል፣ እሱም ከጠቅላላው ይረዝማል። አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ገባሁ። ማታ ዶሮውን በላሁ።

ማርቆስ ስመለስ «ስንተኛ ወጣህ?» የማይል ሰው አልነበረም። ቁጥሩ በአሥር ሺዎች ስለሆነ ዝም ማለት ይሻል ነበር፣ ግን ለአያ እውነቱን ነገርኳቸው። አስበው አስበው «ከኋላህ ሰው ነበር?» አሉኝ። «በሺህ የሚቆጠር» አልኳቸው። «እንግዲያ ደህና ነው» አሉና ለሚመጣው ሰው ሁሉ ያንን ብቻ ይናገሩ ጀመር፤ እሳቸው ሲያወሩት እኔ በሺህ የሚቆጠር ፈረንጅ ያሸነፍኩ ሰው ነኝ።

ለጠየቃችሁኝ ልጆች፦ ዕጣውን የምትሞሉት ሩጫው ካለፈ በኋላ በዚያው ወራት ለቀጣዩ ዓመት ነው፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ ፓስፖርት ያዙ። የሚከፍልላችሁ ዘመድ አስቀድማችሁ አነጋግሩ። የቪዛ ቀጠሮ እንደተከፈተ ያዙ፤ ሐምሌ ላይ ሰው ይበዛል። በሶ ደረቁን ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያ በውኃ ትበጠብጡታላችሁ። የሮጣችሁበትን ጫማ በእጅ ሻንጣ ያዙ፤ የተጫነ ሻንጣ ይዘገያል፣ በአዲስ ጫማ ደግሞ 42 ኪሎ ሜትር አይሞከርም።