ችካሉን ማን ነቀለው?

በቅየሳ ሥራ ችካል መጥፋቱ ብርቅ አይደለም። የብረቱን ሰው ለአጥር ይወስደዋል፤ የእንጨቱ ምድጃ ውስጥ ይገባል። የቀረውን ልጆች ይጫወቱበታል። ስለዚህ ፊልድ ስንወጣ ሁልጊዜ ትርፍ እንይዛለን። ቆቃ ላይ የገጠመን ግን ለየት ያለ ነበር። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ስንተክለው የዋልነውን ችካል በማግስቱ ቀበሌው በር ላይ በገመድ ታስሮ አገኘነው። አንድም አልጎደለም።

የቡድናችን መሪ መሐንዲሱ ደሙ ፈላ። "የመንግሥት ሥራ ማደናቀፍ ነው፤ ፖሊስ ይጠራ!" አለ። ሾፌራችን የአገሩ ልጅ ነው፤ ብዙ ፊልድ ያየ ሰው። "ኢንጂነር፣ ትንሽ ይታገሱ። ሌባ ቢሆን ይሸጠው ነበር። እነዚህ ሊያናግሩን ፈልገው ነው" አለና ቡና ወዳለበት ወሰደን። በሥራ ዘመኔ ከሾፌሮች የተማርኩት ከብዙ ስልጠና ይበልጣል፣ ይህን ሳልናገር አላልፍም።

የሄድነው የቆቃ ሐይቅ ምን ያህል ውሃ እንደሚይዝ ልንለካ ነው። መሃሉ ከጀልባ ላይ በኢኮ ሳውንደር፣ ድምፅ ወደ ታች ልኮ ጥልቀት በሚለካ መሣሪያ፣ ይለካል፤ ዳር ዳሩን እኛ ቀያሾቹ በእግራችን እንዞራለን። ሐይቅ ይባል እንጂ ቆቃ ሰው ሠራሽ ነው። ግድቡ ጣሊያን በከፈለችው የጦርነት ካሳ ተገንብቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ጀመረ። የማመንጨት አቅሙ 43 ሜጋ ዋት ገደማ ነው። ዛሬ ከሕዳሴው ጋር ሲያስተያዩት ምንም አይመስልም። ነገር ግን ከተርባይኑ የወጣው ውሃ ሥራው ገና አላለቀም። ወርዶ የወንጂን ሸንኮራ ያጠጣል። ቀጥሎ አዋሽ 2 እና አዋሽ 3 ማመንጫዎች እንደገና መብራት ያወጡበታል። ከዚያ የመተሐራ ሸንኮራ አለ፤ ከዚያ የአፋር ጥጥና ከብት። ያው አንድ ውሃ ነው።

ጠላቱ ደለል ነው። ከላይኛው አዋሽና ከሞጆ ወንዝ በኩል አፈሩ እየታጠበ ይመጣና ሐይቁ ውስጥ ይተኛል። በ40 ዓመት ገደማ ውስጥ ቆቃ መጀመሪያ ይይዝ ከነበረው ውሃ ከሩብ በላይ የሚሆነውን ቦታ ጭቃ ወስዶበታል። ሐይቁ ይይዛል ተብሎ የታሰበውን ካልያዘ ነሐሴ ላይ ጎርፉ የሚቀመጥበት ያጣል። መልቀቅ ግድ ይሆናል። የተለቀቀው ደግሞ ታች ያለው ሰው ቤት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት አዋሽ ሞልቶ ሲፈስ አፋር ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቅሏል። ስለዚህ ልኬቱ የቢሮ ቅንጦት አይደለም። ይህን ሁሉ እኛ እናውቃለን። ለበቆሎው ባለቤት ግን ማንም አልነገረውም።

አዎ፣ በቆሎ። የሄድነው በበጋው ማለቂያ ነው፤ ሐይቁ ርቆ ሸሽቷል። የሸሸበት እርጥብ መሬት ላይ ገበሬው በቆሎ ዘርቷል፤ እኛም ችካላችንን የደረደርነው እዚያ መሃል ነበር።

ቡናው ሁለተኛው ሳይቀዳ አንድ ሽማግሌ ሁለት ወጣቶች አስከትለው መጡ። ሾፌሩ "ኦቦ" ብሎ ተነስቶ ቦታ ለቀቀላቸው። መጀመሪያ በኦሮምኛ በእሱ በኩል አናገሩን። በኋላ እንዳየነው አማርኛውን ከእኛ አሳምረው ያውቃሉ፤ ለማሰቢያ ጊዜ እንዲሆናቸው ነበር።

"ልጅ ሆኜ እንዲህ ያለ እንጨት ተተከለ" አሉ። "ምንድነው ሲባል ለጥናት ነው ተባለ። ከዚያ ውሃ መጣ።" እጃቸውን ዘርግተው መረብ ወደሚጎትቱት ሰዎች አመለከቱ። "የአባቴ ቤት እዚያ ነበር።"

ከዚያ ጥያቄያቸውን አቀረቡ። "አሁን የተከላችሁት ድረስ ውሃው ይመጣል ማለት ነው?"

ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ኧረ ለጥናት ነው" ብሎ ያልፋል። እኔም ምላሴ ላይ የነበረው እሱ ነው። መሐንዲሱ ግን ዝም ብሎ ቆየና እውነቱን ተናገረ። "አዎ። ሐይቁ ጢም ብሎ ሲሞላ እዚያ ይደርሳል። በእኛ ካርታ በቆሏችሁ ያለው ሐይቁ ውስጥ ነው። አዲስ የሚወሰድ መሬት ግን የለም።"

ጭቅጭቅ ጠብቄ ነበር። ሽማግሌው ሳቁ። "ይሄንንማ እኛም እናውቃለን። ሲሸሽ እንገባለን፣ ሲመጣ እንወጣለን። የፈራነው ሌላ ነው።" ቀጠሉና ክረምቱ የቸኮለ ዓመት በቆሎው እሸት ሳለ ውሃ እንደሚገባበት ነገሩን። "አንድ ሳምንት ቀደም ብለን ብናውቅ እሸቱንም አገዳውንም እናወጣው ነበር። ለከብት ይሆናል። እናንተ በመሣሪያ ቀድማችሁ ታውቁ የለ?"

አንደኛው ወጣት ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ሐሳቡ ከሽማግሌው ጋር አይገጥምም። "ለእኔ ሲሞላ ነው የሚሻለኝ። ቆሮሶ ዓሣው የሚራባው ዳር ዳሩ ውሃ ሲተኛበት ነው" አለ። ከዚያ እርስ በርስ ተያያዙ። መሐንዲሱም ገባበት፤ ማመንጫው ሞልቶ እንዲቆይ ይፈልጋል፣ ታች ያለው ሰው ከነሐሴ በፊት ጎደል እንዲል ይፈልጋል፣ ሸንኮራው ደግሞ ሳይበዛ ሳያንስ በየቀኑ እንዲመጣለት ይፈልጋል እያለ በጣቱ መሬት ላይ ሣለላቸው። ውይይት የሚባል ነገር በፕሮግራም ተይዞለት እንዲህ ሲደምቅ አላየሁም።

ከሰዓት በኋላ ችካሉን የተሸከሙልን እነዚያው ወጣቶች ናቸው፤ በቀን ሂሳብ ቀጠርናቸው። በቆሎው መሃል መትከሉን ትተን ድንበር ላይ ያለ ድንጋይ ቀለም ቀባን። ሥራው እስኪያልቅ አንድም ምልክት አልጠፋም። እንዲያውም ላም አንዱን ምልክት ስትጥለው አንድ ሕፃን ሮጦ መጥቶ ነገረን። ከዚያ ወዲህ መሐንዲሱ የፊልድ የመጀመሪያ ቀኑን መሣሪያ ሳያወርድ ከቀበሌና ከአገር ሽማግሌ ጋር ያውለዋል። ፋይናንስ ክፍል "ያለ ሥራ አበል" እያለ ያጉረመርማል፤ እሱም አይሰማቸውም።

ሪፖርቱ ሲጻፍ ከምክረ ሐሳቦቹ መሃል አንድ መስመር ጨመረ። ሐይቁ መሙላት ሲጀምር የዳር ቀበሌዎች ከአንድ ሳምንት በፊት ይነገራቸው የሚል። ሪፖርቱን የሚገመግመው ባልደረባችን ቀይ አሰመረበት። "ይሄ የመጠን ጥናት ነው። በቆሎ ምን አገባው?" አለ።

"ሐይቁን ለካን፤ ውስጡ በቆሎ አገኘን" አለው መሐንዲሱ። "ያገኘነውን አንጻፍ?"

መስመሩ አልወጣም።