ስልክ የሥራ ዕቃ ለሆነበት ሰው፦ የስክሪን ሰዓቴን በስልኬ ሴቲንግ እንዴት እንደቀነስኩ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የሐበሻ ልብስ እሰፋለሁ፤ የአንገትና የእጅጌውን ጥልፍ በእጄ፣ የቀረውን በመኪና እሠራለሁ። ሥራዬ ስልክ ዘግቶ ማስቀመጥን አይፈቅድልኝም። ደንበኞቼ የወደዱትን ቀሚስ ፎቶ በቴሌግራም ይልካሉ፣ ልካቸውን በመልእክት ያሳውቃሉ፣ ቀብዱን በቴሌብር ያስገባሉ። ስለዚህ «ስልክሽን ወዲያ አድርጊውና ሥራሽን ሥሪ» የሚለው ምክር ከቅን ልብ የመጣ ቢሆንም እንደ እኔ ላለ ሰው አይሆንም። እኔን የጠቀመኝ ስልኩ ውስጥ አስቀድሞ ተጭኖ የሚመጣው የጊዜ መቆጣጠሪያ ነው፤ እሱም ቢሆን በደንብ የጠቀመኝ ጠቅላላ ሰዓቱን ለማሳነስ መታገሌን ትቼ፣ ለሥራ የምከፍተውን ከመዝናኛው መለየት ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ይህ መቆጣጠሪያ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ዲጂታል ዌልቢንግ፣ በአይፎን ላይ ደግሞ ስክሪን ታይም ይባላል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2018 ከአንድሮይድ 9 ጋር፣ አፕል በዚያው ዓመት ከአይኦኤስ 12 ጋር አወጡት፤ በእኛ አቆጣጠር 2010 ተገባዶ 2011 ሲገባ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ በወጡ አብዛኞቹ ስልኮች ላይ ምንም ሳያወርዱ ሴቲንግ ውስጥ ይገኛል። ቦታው ከስልክ ስልክ ስለሚለያይ ያጣው ሰው ሴቲንጉ አናት ላይ ባለው መፈለጊያ ስሙን ቢጽፍ ይመጣለታል፤ እንግሊዝኛው የሚያስቸግረውም የአንድሮይዱን ቋንቋ ወደ አማርኛ መቀየር ይችላል። ለዚሁ ተግባር ሌላ መተግበሪያ ማውረድ ግን አልመክርም፤ ስልኩ ራሱ የሚሠራውን ሥራ ለመሥራት ብዙ ፈቃድ ለማላውቀው አካል መስጠት አስፈላጊ ሆኖ አላገኘሁትም።

የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም ሳልቀይር ቁጥሮቹን ብቻ ተመለከትኩ። ይህን ደረጃ ማንም እንዳይዘለው አጥብቄ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም መቆጣጠሪያው የሚያሳየው ቁጥር ካልተመረመረ ያሳስታል። ገጹ ሲከፈት ስክሪኑ በዕለቱ በርቶ የቆየበት ጠቅላላ ጊዜ በክብ ሥዕል ውስጥ ይታያል፤ ክቡም በየመተግበሪያው ድርሻ በቀለም የተከፋፈለ ነው። ከዚያ በታች ስልኩ ስንት ጊዜ እንደተከፈተና ስንት ማሳወቂያ እንደደረሰው ይነበባል። በእኔ ስልክ ላይ ከሁሉ የገዘፈው የዩቲዩብ ድርሻ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ሰዓት ቪዲዮ ስመለከት ያለፈ አልነበረም። ጠዋት ሱቅ ከፍቼ መኪናው ላይ ስቀመጥ መዝሙር እከፍታለሁ፤ ክፍያ የማይከፈልበት ዩቲዩብ ደግሞ ስክሪኑ ሲጠፋ ድምፁንም ስለሚያቋርጥ፣ ስልኩ ከክር ሳጥኑ አጠገብ ማንም ሳያየው በርቶ ይውላል። ቲክቶክ በአንጻሩ የዩቲዩብን ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር፤ ግን እያንዳንዷ ደቂቃው ዐይኔም እጄም ከጥልፉ የተነሡባት ናት። ጠቅላላውን ሰዓት ብቻ አይቶ ለሚፈርድ ሰው ዩቲዩብ ጥፋተኛ፣ ቲክቶክ ደግሞ ንጹሕ መስሎ ይታያል። ስለዚህ መዝሙሮቹን በሚሞሪ አስሞላሁና በስልኩ ማጫወቻ፣ ስክሪኑ ጠፍቶ መስማት ጀመርኩ። ያ ብቻ ጠቅላላ ሰዓቱን በእጅጉ ቀነሰው፤ ሆኖም ከሕይወቴ አንዲት ደቂቃ እንኳ አልመለሰልኝም፤ የጠቀመኝ የቀረው ቁጥር እውነተኛውን እንዲያሳየኝ ነው።

ከሰዓቱ ይልቅ ያስደነገጠኝ ስልኩ የተከፈተበት ብዛት ነበር። ቁጥሩን ከማሳወቂያዎቹ ጋር ሳስተያየው ነገሩ ተገለጠልኝ፤ ስልኬን የማነሣው አብዛኛውን ጊዜ ፈልጌ ሳይሆን ተጠርቼ ነው። የሚጠሩኝም ደንበኞቼ ሳይሆኑ የዜናና የሽያጭ ቻናሎች፣ እንዲሁም ማን እንዳስገባኝ እንኳ የማላስታውሳቸው ግሩፖች ነበሩ። በዚህ ምክንያት ከሰዓት ገደብ በፊት ማሳወቂያን ማስተካከል ይቀድማል ብዬ አምናለሁ። ቴሌግራም የግል መልእክትን፣ ግሩፕንና ቻናልን ለየብቻ ዝም የማሰኘት ምርጫ አለው፤ እኔ የግሉን ትቼ ሁለቱን አጠፋሁ። ለዕድራችን ግሩፕ ግን ልዩ ፈቃድ ሰጠሁት፤ የለቅሶ ወሬ የሚነገረው በእሱ ስለሆነ፣ ጎረቤት ሐዘን ላይ ተቀምጦ ሳይሰሙ መቅረት በእኛ ዘንድ በምንም ምክንያት የሚመለስ ነገር አይደለም። ቀጥዬ ደንበኞቼን በሙሉ በአንድ ፎልደር ሰበሰብኳቸው፤ ቴሌግራምን ስከፍት መጀመሪያ የሚታየኝ እሱ ነው። የፌስቡክንና የቲክቶክን ማሳወቂያ ከስልኩ ሴቲንግ ላይ ሙሉ በሙሉ ዘጋሁ። ከዚህ በኋላ ስልኩ የሚከፈትበት ቁጥር ያለ አንዳች የሰዓት ገደብ ብዙ ወረደ።

የሰዓት ገደቡን ያወጣሁት ከዚያ ወዲያ ነው። መተግበሪያውን ከዝርዝሩ መርጦ በቀን የሚፈቀድለትን ደቂቃ መሙላት ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ጊዜው ሲሞላ መተግበሪያው ይዘጋል፣ ምልክቱም ይደበዝዛል። ለቲክቶክ መጀመሪያ የሰጠሁት ጊዜ በተግባር ከምጠቀመው እጅግም ያነሰ አልነበረም፤ ከዚያ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ቀነስኩለት። ይህን ያደረግሁት አንድሮይድ ላይ ገደቡን ማንሣት እጅግ ቀላል ስለሆነ ነው፤ ያወጣው ሰው እዚያው ገጽ ተመልሶ ሊሰርዘው ይችላል። በአንድ ጊዜ ከሰዓታት ወደ ዐሥር ደቂቃ የወረደ ሰው በመጀመሪያው ምሽት ይሰርዘዋል፣ ከዚያም ነገሩ አይሠራም ብሎ ይተወዋል። ለገደቡ የሚታዘዘው ባለቤቱ ራሱ እስከሆነ ድረስ፣ ልክ ሲወስዱ እንደሚባለው ትንሽ መተንፈሻ መተው ያስፈልጋል።

ስለ ገደቡ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ። የዕለቱ ደቂቃ እንደገና የሚታደሰው በእኩለ ሌሊት፣ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ አምሽቶ ስልክ ይዞ የተኛ ሰው የነገውን ድርሻ በዚያችው ሌሊት ያገኛል ማለት ነው፤ ጎጂው ሰዓትም እሱ ነው። ይህን ክፍተት የደፈንኩት ፎከስ ሞድ በሚባለው ክፍል ነው። ፎከስ ሞድ ደቂቃ አይቆጥርም፤ የተመረጡትን መተግበሪያዎች በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ያግዳል፣ ማሳወቂያቸውንም ይደብቃል። እኔ ቲክቶክን፣ ፌስቡክንና ዩቲዩብን መርጬ ከማታው 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት በራሱ እንዲበራ አደረግሁት። ቀን ላይ ደግሞ ጥልፍ ስይዝ ከስክሪኑ አናት በሚወርደው ማውጫ ላይ ተጭኜ በእጄ አበራዋለሁ። የግድ ሲሆን ለ5፣ ለ15 ወይም ለ30 ደቂቃ የሚያሳርፍ ምርጫ ስላለው ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ስለ ሰዓት አሞላል አስጠነቅቃለሁ። ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ሰዓት ነው፤ የማታ 3 ለማለት 3 ብሎ የሞላ ሰው እገዳው የሚጀምርለት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። የእኛ ማታ 3 ሰዓት በስልኩ 21፡00 ወይም የማታ 9፡00 ሲሆን ጠዋት 1 ሰዓት ደግሞ የጠዋት 7፡00 ነው። ብዙዎቻችን ስናወራ ይህን ያለ ችግር እንመልሰዋለን፤ ሴቲንግ ስንሞላ ግን ማረጋገጥ ይገባል።

በፎከስ ሞድ ያልተፈታልኝ ከደንበኞች የሚመጣው የቲክቶክ ሊንክ ነበር። ሴቶች ልጆች «እንዲህ ያለ አንገት ሥሪልኝ» ብለው የሚልኩት ፎቶ ሳይሆን ቪዲዮ ነው፤ ቪዲዮውን ለማየት የከፈተ ሰው ደግሞ ከቀሚሱ ቀጥሎ ሌላ ሃያ ቪዲዮ ይጠብቀዋል። ለዚህ ሴቲንጉ መልስ ስለሌለው በቴሌግራም መግለጫዬ ላይ «እባክዎን ሊንክ ሳይሆን ስክሪንሾት ይላኩልኝ» ብዬ ጻፍኩ። ማንም ቅር አላለውም፤ እንዲያውም የቆመው ፎቶ ጥልፉን አጥርቶ ስለሚያሳይ ለሥራው ይሻላል።

የመኝታ ሰዓት ማስተካከያው የራሱ ታሪክ አለው። ይህ ክፍል ሲበራ ስልኩ ዝም ይላል፣ ስክሪኑም ከቀለም ወጥቶ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ቀለሙን ቀኑን ሙሉ አጥፍተው የሚውሉ ሰዎች አሉ፤ ቪዲዮው ማራኪነቱን ስለሚያጣ ይጠቅማል ይላሉ። ለእኔ ግን ቀን ላይ አይታሰብም፤ ቀለም እንጀራዬ ነው። ማታ ብቻ አደረግሁት። ችግሩ ዋሽንግተን ያሉት ደንበኞቼ ነበሩ፤ እዚህ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ እንደ ወቅቱ ገና ከቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት ስለሆነ ትእዛዛቸው የሚመጣው ልንተኛ ስንል ነው። አንድ ምሽት አንዲት ደንበኛዬ ለሰርግ ቀሚስ የሚሆን የሁለት ጥለት ፎቶ ላከችልኝ፤ አንዱ ወይን ጠጅ፣ ሌላው ጥቁር አረንጓዴ ኖሯል። በእኔ ስክሪን ላይ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ነበሩ፤ የሚለያዩት በሽመናው ብቻ ነው። ማስተካከያውን ላጥፋው ብዬ እጄን ሰነዘርኩ፤ ወዲያው ተውኩትና «እህቴ፣ ቀለሙን በቀን ብርሃን ከክሩ ጋር አስተያይቼ ጠዋት እመልስልሻለሁ» ብዬ ጻፍኩላት። ጠዋት ፎቶውን ከፍቼ ክሮቹን በር ላይ አውጥቼ ሳስተያይ ወይን ጠጁ ከያዝኩት ክር ጋር እንደማይሄድ አየሁ፤ በመብራት ባየው ኖሮ ይሄዳል እል ነበር። ከዚያ ወዲህ የቀለም ጥያቄ ማታ አልመልስም፤ በዚህም የተነሣ የራቀኝ ደንበኛ የለም።

ስልኩ ዝም ሲል የሚያስፈራው የድንገተኛ ጉዳይ ነው። እናቴ አዘዞ ብቻዋን ስለምትኖር መጀመሪያ ላይ ይህን ክፍል ለማብራት አልደፈርኩም ነበር። መፍትሔው እዚያው አለ፤ በኮከብ ምልክት የተለዩ ሰዎች ሲደውሉ እንዲጮኽ ማድረግ ይቻላል፣ ማንኛውም ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ከደወለም ጥሪው እንዲያልፍ የሚፈቅድ ምርጫ አለ። እናቴንና እህቴን በኮከብ ለየኋቸው፣ ሁለተኛውንም አበራሁት።

እህቴ አይፎን ነው የምትይዘው። አይፎን ላይ የመተግበሪያው ገደብ ሲሞላ አንድ ደቂቃ፣ 15 ደቂቃ ወይም ለዛሬ ተወው የሚሉ ምርጫዎች ይመጣሉ፤ እሷም ሦስተኛውን መጫን ልማድ አድርጋው ነበር። የሚያጸናው የስክሪን ታይም ኮድ ማውጣትና ገደቡ ሲያልቅ አግድ የሚለውን ማብራት ነው። ኮዱን እኔ ሞላሁትና እኔ ዘንድ ቀረ። አንዳንድ ማታ ትደውልና «እትዬ፣ ኮዱን ንገሪኝ» ትለኛለች። እኔም ለምን እንደሆነ እጠይቃታለሁ፤ ምክንያት ካላት ገደቡን ራሴ ልከፍትላት እሄዳለሁ፣ ከሌላት ራሷ ስቃ ትዘጋዋለች። ለሰው ምክንያት መናገር ስክሪን ላይ ከመጫን እጅግ ይከብዳል፤ ሁለት ሰዎች ተማምነው ኮድ ቢለዋወጡ ከማንኛውም ሴቲንግ ይበልጥ ይሠራል ብዬ አስባለሁ። ለልጇ ደግሞ ሌላ ነገር አረጋግጠንለታል። ቲክቶክ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ተጠቃሚዎች በቀን የ60 ደቂቃ ገደብ በራሱ ያወጣል፤ ይህ የሚሆነው ግን አካውንቱ ሲከፈት የተሞላው የልደት ዓመት እውነተኛ ከሆነ ነው። ወላጅ ሁሉ የልጁን አካውንት የልደት ዓመት አንድ ጊዜ ቢያይ መልካም ነው።

ከኅዳር ጀምሮ እስከ ጥር 11 ያለው ጊዜ በእኛ ሥራ ከዓመቱ ሁሉ ይለያል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ጎንደር ላይ የሚያጠራጥር ሰው የለም፤ ሁሉም ደንበኛ በአንድ ሰሞን ይመጣል። በእነዚያ ሳምንታት የመኝታውን ማስተካከያ ወደ ማታ 5 ሰዓት አገፋዋለሁ፣ የቴሌግራሙም ሰዓት ያሻቅባል። ጠቅላላው ቁጥር ቢያድግም አልጨነቅበትም፤ እሑድ እሑድ ገጹን ስከፍት የምመለከተው ሁለት ነገር ነው፤ የቲክቶክና የፌስቡክ ደቂቃ ከገደቡ እንዳላለፈ፣ እና ስልኩ የተከፈተበት ቁጥር ከደንበኞቼ መልእክት ጋር አብሮ መጨመሩን። መልእክቱ ሳይጨምር የመክፈቻው ቁጥር ብቻ ከጨመረ ድምፁን ያላጠፋሁለት አዲስ ቻናል አለ ማለት ስለሆነ ፈልጌ አጠፋዋለሁ። የቃና ዘገሊላ ሽር ጉድ ካለፈ በኋላ የመኝታውን ሰዓት ወደ 21፡00 እመልሰዋለሁ።