መንገዱን ሌሊት ቁጠሩት

የምሠራው ለግንባታ ፈቃድ የሚቀርቡ የትራፊክ ጥናቶችን በሚገመግም ክፍል ውስጥ ነው። ብዙ ባልደረቦቼ የማይወዱት የሥራው ክፍል ከነዋሪዎች ጋር የሚደረገው ስብሰባ ነው። «ሰፈሩ ይጨናነቃል» የሚለው ቅሬታ በየስብሰባው ስለሚነሳ ውሎ አድሮ ጆሮ መስጠት ያቆማሉ። እኔ ግን ለዚህ ቅሬታ ጆሮዬን የማልነፍገው በሚከተለው ገጠመኝ የተነሳ ነው።

መንገዱ ጠባብ በሆነ የመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ባለ ብዙ ፎቅ አፓርትመንት ለመሥራት ጥያቄ ቀረበ። የአልሚው አማካሪ ያዘጋጀው ጥናት በሙያው መለኪያ እንከን አልነበረበትም። መኪና የተቆጠረው ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ባሉት ቀናት፣ ጠዋት ሰው ወደ ሥራ በሚወጣበትና ማታ በሚመለስበት ሰዓት ነው። ሰኞና ዓርብ የመኪናው ፍሰት ከሌላው ቀን ስለሚለይ በብዙ አገር የሚሠራው እንዲሁ ነው። መደምደሚያው፣ መጋጠሚያው ተጨማሪውን ፍሰት ያለ ችግር ይችለዋል የሚል ነበር። ስለ ፓርኪንግ ደግሞ ቀን ላይ የተነሱ ፎቶዎች ተያይዘዋል፤ መንገዱ ግማሽ በግማሽ ባዶ ነው።

በስብሰባው ላይ አንዱ ስለ ልጆቹ ደኅንነት፣ ሌላው ፀሐይ ስለሚጋርድበት ሕንፃ ተናገረ። አማካሪው ለሁሉም ከስላይዱ እያጣቀሰ መለሰ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ዕድል ተሰጣቸውና ወደ ፎቶው እየጠቆሙ እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ ይኼ ፎቶ የተነሳው ሰው ሁሉ ሥራ ሄዶ ነው። ባለቤቴን ሌሊት ሲያመው አምቡላንሱ መታጠፊያው ላይ ቀረ፤ መግባት አልቻለም። ሰዎቹ በቃሬዛ ተሸክመው ነው እዚያ ድረስ ያወጡት። እናንተ ጠዋትን ነው የምትቆጥሩት፤ እኛን የሚያስጨንቀን ሌሊቱ ነው።»

አማካሪው በትሕትና «እማማ፣ ሌሊት እኮ የመኪና እንቅስቃሴ በጣም ዝቅተኛ ነው» አላቸው። እውነቱን ነው። ነገር ግን እንቅስቃሴው የቀነሰው መኪናው ሁሉ መንገዱ ዳር ስለቆመ ነው፤ ሴትየዋም የሚሉት ስለዚሁ ስለቆመው መኪና ነበር። የግል መኪና ከዕድሜው 95 በመቶ ገደማውን ቆሞ እንደሚያሳልፍ በሙያችን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። የቢሮ አካባቢ ማቆሚያ እኩለ ቀን ላይ ይሞላል፤ የመኖሪያ ሰፈር የሚሞላው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ለንደን ውስጥ ላምቤዝ የተባለው ወረዳ ባወጣውና በሌሎችም አካባቢዎች በሚሠራበት የቆጠራ ዘዴ፣ የመኖሪያ ሰፈር ፓርኪንግ የሚቆጠረው በሥራ ቀናት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ፣ ከግንባታው 200 ሜትር የእግር መንገድ ርቀት ድረስ ነው። እኛ ዘንድ የቀረበው ጥናት ይህን እንዲያደርግ የሚያስገድደው መመሪያ አልነበረም።

ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ሜትርና ባትሪ ይዘን ሌሊት ሄድን። የመንገዱ ስፋት 6 ሜትር ነው። በግራም በቀኝም መኪና ቆሟል። አንዱ መኪና ከነክፍተቱ 2 ሜትር ያህል ሲይዝ መሀል ላይ የሚተርፈው 2 ሜትር ነው። የእሳት አደጋ መኪና ስፖኪዮው ሳይቆጠር ወርዱ 2.5 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሌላ ስሌት አያስፈልግም።

አንዳንዱ ሹፌር ለሌላው መተላለፊያ ልተው ብሎ ሁለት ጎማውን የእግረኛ መንገዱ ላይ ሰቅሏል። የጠርዙ ድንጋይ ብዙ ቦታ ተሰብሯል፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ወደ መሀል መንገድ ከመውረድ ሌላ ምርጫ የለውም። የቆሙት መኪኖች ስፖኪዮ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ የአንዳንዱ ተሰብሮ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ሰዉ በመንገዱ ጥበት ላይ ስንት ጊዜ እንደከሰረ ከዚህ ማየት ይቻላል፤ በየትኛውም ሪፖርት ውስጥ ግን አይገባም። መታጠፊያው ላይ መኪኖቹ የቆሙት እስከ ጥጉ ድረስ ነው። የብሪታንያ የመንገድ ደንብ ከመጋጠሚያ በ10 ሜትር ክልል ውስጥ መኪና አታቁሙ ይላል፤ ረጅም መኪና ሲታጠፍ የኋላ አካሉ ወደ ውስጥ ስለሚቆርጥ ቦታ ይፈልጋል።

በቀጣዩ ስብሰባ አልሚው «ለእያንዳንዱ ቤት ቤዝመንት ውስጥ አንድ ቦታ አዘጋጅቻለሁ» ሲል፣ ቦታው ከቤቱ ጋር ነው የሚሸጠው ወይስ ለብቻው ብዬ ጠየቅሁት። ለብቻው ነው አለ። በራሱ ክፋት የለውም፤ እንዲያውም መኪና የሌለው ቤተሰብ ለማይጠቀምበት ቦታ እንዳይከፍል ያደርጋል። ነገር ግን ደጁ ላይ በነፃ ማቆም የሚችል ሰው ገንዘብ ከፍሎ ምድር ቤት የሚወርድበት ምክንያት ምንድን ነው? ክፍላችን ውስጥ የቤዝመንቱ ቦታ እጥፍ ይሁን ያሉ ነበሩ፤ ተቃወምኩ። የመንገዱ ዳር ሥርዓት ካልያዘ የቤዝመንቱ ቁጥር ቢጨምርም ባዶውን ያድራል።

ነዋሪዎቹ ግንባታው ጭራሽ እንዲቀር ነበር የፈለጉት። ስጋታቸውን በዓይኔ ስላየሁት አልፈረድኩባቸውም፤ ቤት የሚፈልግ ሰው ግን ስብሰባው ላይ አይገኝም፣ ለሱም ማሰብ የኛ ድርሻ ነው። በመጨረሻ ፈቃዱ በቅድመ ሁኔታ ተሰጠ፦ መኪና በአንድ ወገን ብቻ እንዲቆም፣ ከመጋጠሚያው 10 ሜትር ነፃ እንዲሆን፣ የአዲሱ ሕንፃ ነዋሪ የመንገድ ላይ ማቆሚያ ፈቃድ እንዳይሰጠው። ገልባጭና ሚክሰር መኪኖች ተማሪ በሚገባበትና በሚወጣበት ሰዓት እንዳይገቡ፣ የግንባታ ሠራተኞችም መኪናቸውን ግቢው ውስጥ እንዲያቆሙ ተወሰነ። ይህን የመጨረሻውን ያስገቡት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ግንባታ ዓመታት ይፈጃል፣ አቧራውንና ጩኸቱን ችሎ የሚኖረው ሰው ደግሞ ምን እንደሚጠብቀው ከኛ በላይ ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ የመኖሪያ ሕንፃ ጥናት ሲቀርብልን የሌሊት ቆጠራ ከሌለው ተመላሽ እናደርጋለን። ነዋሪ «ይጨናነቃል» ሲለኝም የትኛው ቦታ ላይ፣ በስንት ሰዓት ብዬ እጠይቃለሁ፤ መልሱን ካርታው ላይ ራሱ ምልክት እንዲያደርግ እስክሪብቶውን እሰጠዋለሁ።

ሁሉም ነገር ግን አልተፈታም። ከአንዱ ወገን የተነሱት መኪኖች ወደ ቀጣዩ መንገድ ዞሩ፤ የዚያ መንገድ ነዋሪዎችም አቤቱታቸውን ይዘው መጥተዋል። አሁን እዚያ ሌሊት እየቆጠርን ነው።