480 ላይ ብቻ የሚዘበራረቅ ቪዲዮ፦ በሊኑክስ የግራፊክስ ድራይቨር ስሕተትን እንዴት ለይቼ አገኘሁት

ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ስርዓት ላይ ቪዲዮ ሲዘበራረቅ በቅድሚያ የሚሰማው ምክር «ድራይቨሩን (ስርዓቱን ከግራፊክስ ቺፑ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) አጥፍተህ እንደገና ጫን» የሚል ነው። እሱ ካልሠራ «ሊኑክስን ተወው» ይከተላል። ሁለቱንም አልቀበልም። የተበላሸ ሥዕል የት እንደተበላሸ ራሱ ይናገራል፤ አበለሻሸቱን በጥሞና ያየ ሰው አንድም ነገር ሳይነቅል ጥፋቱን ጥግ ማስያዝ ይችላል። በቤታችን ላፕቶፕ ላይ የደረሰውንና የተከተልኩትን መንገድ በዝርዝር የምጽፈው ለዚህ ነው።

ላፕቶፑ ያገለገለ ነው፤ የግራፊክስ ቺፑ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ታናሽ እኅቴ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የምትዘጋጅባቸው የሒሳብና የፊዚክስ ቪዲዮዎች በእሱ ላይ ናቸው። ዳታ ለመቆጠብ አብዛኞቹን በ480 ጥራት ነው የምናወርደው፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው በዚያ ጥራት በደንብ ይነበባል። የስርዓት ዝማኔ ተጭኖ ማሽኑ እንደገና ከተነሣ በኋላ ግን «ጋሼ፣ መምህሩ የጻፈው አይነበብም» አለችኝ። ሥዕሉ ወደ ቀኝ እያጋደለ በሰያፍ ተቆራርጧል። በመሐሉ ቀጫጭን የሰያፍ መስመሮች ይወርዳሉ፤ አንዳንዶቹ አረንጓዴ ናቸው። የመምህሩ ሸሚዝ ቀለም ከመምህሩ ተነጥሎ ሌላ ቦታ ተንሳፍፏል። ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነበር፤ የማጫወቻው ቁልፎችና የዴስክቶፑ ጽሑፎችም ምንም አልሆኑም።

የሰፈር ጥገና ባለሙያ ከሩቅ አይቶ «ስክሪኑ ነው፤ ይቀየር» አለ። የስክሪን ዋጋ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራዬ ስክሪኑን ከተጠርጣሪነት ማውጣት ወይም ማስገባት ነበር። ይህን የሚለይ ገንዘብ የማይጠይቅ ፈተና አለ። ቪዲዮው ተዘበራርቆ ሳለ ስክሪንሾት ማንሣትና ምስሉን በስልክ ላይ መክፈት ነው። ስክሪንሾት የሚወሰደው ሥዕሉ ወደ ስክሪኑ ከመላኩ በፊት ከሜሞሪ ላይ ነው። ስለዚህ በስልኩ ላይም የተዘበራረቀ ከሆነ ጥፋቱ ከስክሪኑና ከገመዱ በፊት ነው። ምስሉ ንጹሕ ሆኖ ስክሪኑ ብቻ የሚያዘበራርቅ ከሆነ ደግሞ ዓይናችንን ወደ ስክሪኑ፣ ወደ ገመዱና ወደ መጨረሻው የማሳያ ደረጃ እናዞራለን። የእኛው በስልኩም ላይ እንደዚያው ሰያፍ ሆኖ ታየ። ስክሪኑ ነጻ ወጣ።

ከዚህ በኋላ ቪዲዮ የሚያልፍበትን መንገድ ማወቅ ግድ ይላል። ፋይሉ የታመቀ መረጃ ነው። መጀመሪያ መፈታት አለበት፤ ይህን ወይ ፕሮሰሰሩ በሶፍትዌር ይሠራዋል፣ ወይ በግራፊክስ ቺፑ ውስጥ ያለው የቪዲዮ መፍቻ ይረከበዋል። በሊኑክስ ከመፍቻው ጋር የሚያገናኘው በብዛት ቪኤ-ኤፒአይ ነው፤ መጀመሪያ ኢንቴል ያዘጋጀው ሲሆን የኤኤምዲ ቺፖችም ይጠቀሙበታል። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2008 ቪዲፓው የሚባል የራሱን መገናኛ አውጥቷል። የተፈታው ሥዕል በግራፊክስ ሜሞሪ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ ሌላው የድራይቨር ክፍል ተቀብሎት ቀለሙን ለስክሪን ወደሚስማማው ዓይነት ይለውጠዋል፤ መጠኑንም አስተካክሎ ለዴስክቶፑ ያስረክባል። መፍታት፣ ማስረከብ፣ መሳል፦ ሦስት ቦታዎች፣ ሦስት ተጠርጣሪዎች። የእኔ ቺፕ የማን ሥራ እንደሆነ እዚህ ላይ ለውጥ አያመጣም፤ መንገዱ ለሁሉም አንድ ነው።

ሦስቱን ለመለየት ኤምፒቪ የሚባለውን ማጫወቻ እመርጣለሁ፤ የሚሠራውን አይደብቅም። ቪዲዮው እየሄደ አይ የምትለዋን የላቲን ፊደል ስንነካ በሃርድዌር ይሁን በሶፍትዌር እየፈታ እንደሆነ ከነዝርዝሩ ይጽፋል። ኮንትሮልና ኤች አብረው ሲነኩ ደግሞ የሃርድዌር መፍታት ይጠፋል፤ እንደገና ሲነኩ ይመለሳል። በሶፍትዌር ሲፈታ ሥዕሉ ወዲያው ንጹሕ ሆነ፤ ስለዚህ ፋይሉ ደህና ነው። ወደ ሃርድዌር ስመልሰው ያው ሰያፍ ተመለሰ።

ብዙ ሰው እዚህ ይቆምና «የሃርድዌር መፍቻው ተበላሽቷል» ይላል። አንድ እርምጃ መጨመር ግን ብዙ ያተርፋል። ኤምፒቪ በሃርድዌር የተፈታውን ሥዕል በሁለት መንገድ መቀበል ይችላል፤ በቀጥታ ከግራፊክስ ሜሞሪ፣ ወይም ወደ ተራው ሜሞሪ ገልብጦ። ሁለተኛውን ለመምረጥ በቅንብሩ ከቪኤ-ኤፒአይ ስም ቀጥሎ ኮፒ የሚለውን ቃል መጨመር ይበቃል። በግልባጩ መንገድ የእኛ ቪዲዮ ንጹሕ ሆኖ ታየ! መፍቻው ሥራውን በትክክል ይሠራ ነበር ማለት ነው። የሚበላሸው የተፈታው ሥዕል ከአንዱ የድራይቨር ክፍል ወደ ሌላው በቀጥታ ሲተላለፍ ነው። በግልባጩም ተዘበራርቆ ቢሆን ኖሮ ወደ መፍቻው ድራይቨር ነበር የምሄደው።

የበለጠ ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ትምህርት በተለያየ ጥራት ነበረን። የ360ው ንጹሕ፣ የ720ውም ንጹሕ፣ የ480ው ብቻ የተዘበራረቀ። የማሽኑ አቅም አንሶት ቢሆን ኖሮ የሚቸገረው 720 ላይ ነበር። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፍኳቸው። የ360 ሥዕል (ቁጥሩ የረድፎቹ ብዛት ነው) ወርዱ 640 ፒክስል ወይም ነጥብ ነው፣ የ720ው 1280፣ የ480ው ግን 854። 640 ለ64 ሲካፈል 10 ይሆናል፤ 1280 ለ64 ሲካፈል 20። 854 ግን ለ64 እኩል አይካፈልም።

ይህ ለምን ዋጋ እንዳለው ላስረዳ። የግራፊክስ ቺፕ ሥዕልን በሜሞሪ ሲያስቀምጥ እያንዳንዱን ረድፍ ለሥራ ወደሚመቸው ርዝመት ያሟላዋል፤ ለምሳሌ የ64 ወይም የ128 ባይት ብዜት ወደሆነ። የአንድ ፒክስል ብርሃን አንድ ባይት ስለሚይዝ 854 ወደ 896 ያድጋል፤ በየረድፉ መጨረሻ 42 ባዶ ቦታ ይተርፋል። ተቀባዩ ይህን ካልተነገረው ወይም ከረሳው በየረድፉ 42 ፒክስል ይንሸራተታል። የፊደል ገበታ እናስብ። ስምንት ሳጥን ባለው መስመር ሰባት ፊደል ጽፈን ስምንተኛውን ባዶ እንተወው። አንባቢው ግን ሰባት ሰባት ሳጥን እየቆጠረ ቢያነብ የመጀመሪያው መስመር ከሀ እስከ ሆ ልክ ይሆናል። ሁለተኛው በባዶ ሳጥን ጀምሮ ለ፣ ሉ፣ ሊ እያለ ል ላይ ያልቃል፤ ሦስተኛው በሎ ይጀምርና ባዶ፣ ሐ፣ ሑ ይላል። ባዶዎቹ ሳጥኖች መስመር በመስመር አንድ አንድ ቦታ ወደ ቀኝ እየሄዱ ሰያፍ ይሠራሉ። እኅቴ ስክሪን ላይ የወረዱት ሰያፍ መስመሮች እነዚያው ባዶ ሳጥኖች ነበሩ። 854 ለ42 ሲካፈል ሃያ ገደማ ስለሚሆን በየሃያው ረድፍ ሥዕሉ አንድ ዙር ዞሮ ይመለሳል፤ የመቆራረጡ ምክንያትም ይኸው ነው።

አረንጓዴውም ቀለም የራሱ ምክንያት አለው። ቪዲዮ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ አይቀመጥም፤ ብርሃኑ ለብቻ፣ ሁለቱ የቀለም መረጃዎች ለብቻ ናቸው። ሦስቱም ዜሮ ሲሆኑ ውጤቱ ጥቁር ሳይሆን ጠቆር ያለ አረንጓዴ ይሆናል። ስለዚህ በተበላሸ ቪዲዮ ላይ አረንጓዴ ሲታይ በአብዛኛው ማንም ያልጻፈበት ሜሞሪ እየተነበበ ነው። በ1080 ቪዲዮ ግርጌ አንዳንዴ የምትታየው ቀጭን አረንጓዴ መስመርም ከዚሁ ወገን ናት። ኤች.264 የሚባለው የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴ ሥዕልን በ16 በ16 ፒክስል ካሬ ስለሚከፍል 1080 ረድፍ ወደ 1088 ይሟላል፤ ትርፎቹ ስምንት ረድፎች ካልተቆረጡ ይታያሉ። የሸሚዙ ቀለም ከመምህሩ የተነጠለውም የቀለሙ መረጃ በቁመት ግማሽ ረድፍ ብቻ ስላለው ነው፤ መንሸራተቱ ከብርሃኑ መንሸራተት ጋር እኩል አይሄድም።

ግምቴን ማረጋገጥ ነበረብኝ። ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው መሣሪያ ኢንተርኔት ሳይፈልግ ባለቀለም የመፈተኛ ሥዕል አመንጭቶ በፈለግነው ወርድ አጭር ቪዲዮ ይሠራል። በ854፣ በ896 እና በ832 ወርድ አዘጋጀሁ። 854 ተዘበራረቀ፤ 896 ንጹሕ ሆነ። 832 የ64 ብዜት ነው፣ የ128 ግን አይደለም፤ እሱም ንጹሕ ስለሆነ ከሁለቱ መካከል ድራይቨሩ የሚያሟላው ወደ 128 ሳይሆን ወደ 64 እንደሆነ አወቅሁ። ከዚህ በኋላ ግምት የሚባል ነገር አልቀረም።

የቀረው የትኛው የድራይቨር ክፍል እንደሆነ መለየት ነው። የሊኑክስ ግራፊክስ ድራይቨር አንድ ቁራጭ አይደለም፤ ከከርነሉ (ከስርዓቱ እምብርት) ጋር የሚመጣ ክፍል አለ፣ ከከርነሉ ውጭ በጥቅል መልክ ለብቻው የሚጫን ደግሞ አለ። ጥቅሎችን የሚጭነውና የሚያዘምነው አፕት የሚባለው ፕሮግራም የታሪክ መዝገብ በመጨረሻው ዝማኔ ሁለቱም እንደተቀየሩ ያሳያል፤ ከየትኛው ወደ የትኛው ስሪት እንደሆነ ጭምር። ደግነቱ አሮጌው ከርነል ዲስክ ላይ ይቆያል። ማሽኑ ሲነሣ ግሩብ የሚባለው የማስነሻ ፕሮግራም ከሚያሳየው ዝርዝር ውስጥ የቀድሞውን መርጬ ገባሁ፤ ዳታም ገንዘብም አይጠይቅም። 854 አሁንም ተዘበራረቀ። ከርነሉ ከተጠርጣሪነት ወጣ፤ ውጭ የሚጫነው ክፍል ብቻ ቀረ። ቪኤኢንፎ በምትባለው ትእዛዝ እየሠራ ያለውን ድራይቨር ስምና ስሪት አየሁ፤ ከመዝገቡ ጋር ገጠመ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ምክር ልቃወም። ማሽኑ ሲነሣ ኖሞድሴት የሚለውን ቃል ጨምሩ የሚሉ አሉ። አዎ፣ መዘበራረቁ ይጠፋል፤ የሚጠፋው ግን የግራፊክስ ድራይቨሩ በጠቅላላ ሥራ ስለሚያቆም ነው። ዴስክቶፑን ሳይቀር ፕሮሰሰሩ ይሸከመዋል፤ ማሽኑ ይግላል፣ ባትሪው ያልቃል። ኖሞድሴት ስክሪኑ ጭራሽ ጥቁር ሆኖ መግባት ላቃተው ሰው መግቢያ በር ነው እንጂ ለዚህ ዓይነት ችግር መድኃኒት አይደለም። እኅቴ ትምህርቷ እንዳይቋረጥ እኔ ያደረግኩት ኤምፒቪን በግልባጩ መንገድ ማሠራት ነበር። በ480 ቪዲዮ ላይ መገልበጡ የሚጨምረው ጫና ከቁጥር አይገባም።

ከዚያ ዘላቂውን ሠራሁ። የድራይቨሩ የቀድሞ ጥቅል በአፕት ማከማቻ ውስጥ ተቀምጦ ስለነበር ማውረድ አላስፈለገኝም። ወደ እሱ መለስኩና በአፕት-ማርክ ትእዛዝ እንዳይዘምን ያዝኩት። 854 ንጹሕ ሆነ፤ ሰሌዳውም ተነበበ። ጥቅል ሲያዝ ግን የት እንደተያዘና ለምን እንደተያዘ መጻፍ ያስፈልጋል፤ የጸጥታ ማስተካከያዎችም አብረው ስለሚታገዱ ለዓመታት ተረስቶ መቆየት የለበትም። እኔ በቤት ማህደሩ ውስጥ ስሪቱንና ምክንያቱን የያዘ አጭር የጽሑፍ ፋይል አስቀምጫለሁ።

ለድራይቨሩ አዘጋጆችም ሪፖርት ላክሁ። ሪፖርት ሲባል «ቪዲዮ አይሠራም» ማለት ብቻ ለማንም አይጠቅም። የቺፑን ዓይነት፣ የሚሠራውንና የማይሠራውን ስሪት፣ ሦስቱን የመፈተኛ ቪዲዮዎች፣ ስክሪንሾቱንና «በግልባጭ ንጹሕ፣ በቀጥታ የተዘበራረቀ» የሚለውን አንድ ዓረፍተ ነገር አያያዝኩ። የምስክርነቱ ክብደት ያለው በዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ ስሕተቱን የሚፈልገው ሰው ኮዱን ከየት ጀምሮ እንደሚያነብ ትነግረዋለች።

ብሮውዘር ውስጥ ለሚታዩ ቪዲዮዎች አንድ ነገር ልጨምር። ብሮውዘሮች የሃርድዌር መፍታትን የሚያበሩበትና የሚያጠፉበት የራሳቸው ቅንብር አላቸው፤ ኤምፒቪ ላይ የተደረገ ለውጥ አይነካቸውም። ፋየርፎክስ ውስጥ ስለ መላ ፍለጋ መረጃ የሚሰጠው ገጽ የትኞቹ የቪዲዮ ዓይነቶች በሃርድዌር እንደሚፈቱ በሠንጠረዥ ያሳያል። ቪዲዮው ብሮውዘር ላይ ተዘበራርቆ ኤምፒቪ ላይ ደህና ከሆነ፣ ኤምፒቪ በሶፍትዌር እየፈታ እንዳልሆነ በዚያችው በአይ ፊደል አረጋግጡ፤ ካለዚያ የተለያዩ ነገሮችን እያወዳደራችሁ ነው። ፌዶራ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ተጠቃሚዎች ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥማቸዋል፦ እ.ኤ.አ. በ2022 በፓተንት ምክንያት የኤች.264 እና የኤች.265 የሃርድዌር መፍታት ሜሳ ከሚባለው የግራፊክስ ድራይቨሮች ስብስብ ዋና ጥቅል ስለወጣ ቪኤኢንፎ እነዚህን ስሞች ላያሳያቸው ይችላል። ያ ብልሽት አይደለም፤ ቪዲዮው በሶፍትዌር ይፈታል።

አዲስ የድራይቨር ስሪት ሲወጣ እገዳውን አነሣሁ፤ አዘመንኩና የ854ቱን መፈተኛ በቀጥታው መንገድ አጫወትኩ። ንጹሕ ነው። ሦስቱ ፋይሎች በአንድ ላይ ከአንድ ፎቶ የማይበልጥ ቦታ ስለሚይዙ አልሰረዝኳቸውም፤ የግራፊክስ ጥቅል የነካ ዝማኔ በገባ ቁጥር አጫውታቸዋለሁ።