የሌዘር ገደብ ከጦጣ ዓይን ሲወጣ፦ ፎከሱን ሳትለኩ አትተኩሱ

ለሌዘር የዓይን ደኅንነት ገደብ መነሻ የሚሆን ቁጥር ከሬሰስ ጦጣ ሬቲና (ከዓይን ጀርባ ብርሃን ከሚቀበለው ሽፋን) አውጥቻለሁ። ሲነገር ቀላል ነው፤ እንስሳዋን በኬታሚን ማደንዘዝ፣ ብሌኗን በትሮፒካማይድ ማስፋት፣ ቦታው እንዳይጠፋ ዙሪያውን በጠንካራ ምት ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ ኃይሉን ከፍ ዝቅ እያደረጉ መተኮስ። ከ1 ሰዓትና ከ24 ሰዓት በኋላ ጠባሳ ታየ ወይስ አልታየም? መልሱ ፕሮቢት ውስጥ ይገባል፤ የምቱን መጠን ከጠባሳ ዕድል ጋር የሚያያይዝ የስታቲስቲክስ ስሌት ነው። ግማሹ ምት ጠባሳ የሚተውበት መጠን ኢዲ50 ነው።

ጉድ የሠራኝ ፎከሱ ነው። ኮርኒያ (የዓይን ፊት ግልጽ ሽፋን) ላይ የሚደርሰውን ኃይል በየምቱ ለክቻለሁ፤ ጨረሩ ሬቲና ላይ ምን ያህል ሰፍቶ እንዳረፈ ግን አላጣራሁም። የዓይንን ፎከስ በሚለካ መሣሪያ፣ በሬቲኖስኮፕ፣ የደቂቃዎች ሥራ ነበር! ጨረሩ 3 ሚሊሜትር ስፋት ካለው የ1 ዳዮፕተር (የፎከስ መለኪያ) ስህተት ብቻ 40 ማይክሮሜትር ያህል ብዥታ ያመጣል። 25 ማይክሮሜትር አካባቢ መሆን የነበረበት ነጥብ ይሰፋል፣ ሙቀቱ ይበተናል፣ ጠባሳ ለመተው ተጨማሪ ኃይል ይፈልጋል። ኮርኒያውም ሳላይን ቶሎ ቶሎ ካልተንጠባጠበበት ደርቆ ይደፈርሳል፣ ጨረሩንም ይበትናል። ሁለቱም ስህተቶች የሚያደሉት ወደ አንድ ወገን ነው፤ ዓይኑን ከሆነው በላይ ጠንካራ ያስመስሉታል። ከዚያ የሚወጣው ገደብ ሰው ላይ ይላላል።

ፕሮቢቱ ነግሮኝ ነበር። በጥንቃቄ በተሠራ ሙከራ ኢዲ84 (84 በመቶው ምት ጠባሳ የሚተውበት መጠን) ለኢዲ50 ሲካፈል 1.2 አካባቢ ይመጣል፤ ይህን ስሎፕ እንለዋለን። የእኔ ወደ 2 ተጠጋ። «የእንስሶቹ ልዩነት ነው» ብዬ አለፍኩት። ረቂቁን ያየው ኮሚቴም ስለ ስሎፑ አንዲት ጥያቄ ሳያነሳ «ገደቡን ለማውጣት ኢዲ50 በ10 ይካፈላል፣ ይበቃል» አለ። የለም፣ አይበቃም። በ10 ማካፈል የተለመደ ቢሆንም፣ ስሎፑ 1.5 ካለፈ ማካፈሉን ተዉትና ወደ ጠረጴዛው ተመለሱ። እኔ ፎከሱን አስተካክዬ ስደግም ኢዲ50 ወረደ፤ ለድጋሚው ግን ሌሎች ጦጦች አለቁበት። እስካሁን የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

ሌላው ጥቃቅን ነገር ነው። ማኩላውን (የሬቲናውን መሃል) ምቱ፤ ዳር ዳሩ የበለጠ ይቋቋማል። የናኖሰከንድ ምት ከሆነ የ1 ሰዓቱን ንባብ ብቻ አትመኑ፣ በ24ኛው ሰዓት ብቅ የሚል ጠባሳ አለ። የክፍል 2 ሌዘር (በዓይን የሚታይ ደካማ ሌዘር) 1 ሚሊዋት ገደብ የቆመበትን 0.25 ሰከንድ ደግሞ ከጦጣ አትፈልጉት፤ የሰው ዓይን ብርሃን ሽሽት የሚጨፈንበት ጊዜ ነው፣ የደነዘዘች ጦጣ አትጨፍንም። በመዝገባችሁ ከእያንዳንዱ ምት ጎን ሁለት ዓምድ ጨምሩ፦ ዳዮፕተሩን፣ እና ኮርኒያው መጨረሻ የረጠበበትን ደቂቃ።