ሦስት ጥላ በአንድ ቀትር

ሐምሌ 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቦሌ ስነሳ ዝናቡ የአውሮፕላኑን መስኮት ያጥበው ነበር። ሻንጣዬ ውስጥ አክስቴ ከሆሳዕና ለልጇ የላከችው ቅቤና ዳጣ አለ። እስከ ጆሃንስበርግ አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ይበረራል፤ መንገዱ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ወደ ደቡብ ነው። ስንወርድ ሰማዩ አንዲት ደመና የለበትም፣ ሣሩም ደርቆ ገለባ መስሏል። የአክስቴ ልጅ ጃኬት ይዞልኝ መጥቶ ኖሮ ገና እንደተቃቀፍን፣ "ቶሎ ልበስ፣ ክረምት ነው" አለኝ።

ጭቃ የሌለበት ክረምት! እኛ ክረምት የምንለው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን የዝናብ ወቅት ነው። እዚያ ያሉት ልጆቻችን ግን ቃሉን ለደረቁ ብርድ አውለውታል። ጆሃንስበርግ ዝናቧን የምታገኘው በታኅሣሥና በጥር፣ ከሰዓት በኋላ በሚወርድ ነጎድጓዳማ ዶፍ ነው። ሐምሌ ላይ አገሩ ደረቅ ነው፤ ሌሊቱ ውርጭ ነው።

ዘመዴ ጄፒ በሚባለው፣ የሐበሻ ሱቅ በተደረደረበት ሰፈር ብርድ ልብስና ጃኬት ይሸጣል። ሰኞ ሐምሌ 3 ጠዋት ሱቁ ውስጥ ቆመን ሳለ ውጭ ጩኸት ሰማን። ሻጩም ገዢውም መንገድ ላይ ወጥቶ እጁን ዘርግቷል። በረዶ እየጣለ ነበር። እኛ በረዶ ስንል ቆርቆሮ የሚደበድበውን እንክብል ነው የምናውቀው፤ ይሄ ግን እንደ ባዘቶ የሳሳ፣ ድምፅ የሌለው ነገር ነው። እጅጌዬ ላይ ያረፈችውን አንዷን በቅርብ አየኋት፤ ጫፏ እንደ ጥልፍ የተሠራ ነው፤ ትንፋሼ ሲነካት ውሃ ሆነች። ከተማይቱ ከነሐሴ 2004 ዓ.ም. ወዲህ እንዲህ ያለውን አይታ አታውቅም አሉ።

ያን ቀን ማታ ዘመዴ ስልክ ደወለ። መጀመሪያ ለእናቱ። "ዝናቡ እንዴት ነው እማዬ?" አላት። "ኧረ ልጄ፣ ፀሐይ ካየን ሰነበትን" አለች። ቀጥሎ ሪያድ ለምትሠራው እህቱ፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ ከቤት መውጣት አልቻልንም አለች። እሱ በረዶ መጣሉን ሲነግራቸው ሁለቱም አላመኑትም። አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር፣ ሁሉም በአንድ ፀሐይ ሥር፣ በአንድ ቀን፤ ለእኔ የዚያ ጉዞ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

"ፀሐይ ርቃ ይሆናል" አለ ዘመዴ ስልኩን ዘግቶ። እውነት ርቃለች። ሰኔ 29 ምድር ከፀሐይ በዓመቱ ውስጥ የመጨረሻው ርቀት፣ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ነበረች፤ የምትቀርባት በታኅሣሥ መጨረሻ ነው፣ 147 ሚሊዮን። ግን ርቀት ቢሆን ኖሮ ሪያድም በበረደች። ዘመዴም ይህን ስለው ዝም ብሎ አሰበ።

ዓርብ ሐምሌ 7 ሰማዩ ጠራ። ቀትር ላይ በረንዳው ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው የሃይላንድ ጠርሙስ አቆምንና ጥላውን በሜትር ለካን፤ 22 ሳንቲ ሜትር፣ ከራሱ ከጠርሙሱ ይረዝማል። እህቱ ያን ቀን ዕረፍት ነበረችና ሪያድ ላይ ያንኑ ያህል ጠርሙስ ጣሪያ ላይ እንድታቆም ለመንናት። አንድ ሳንቲ ሜትር! ሆሳዕና ላይ ደመናው ለጥላ ፋታ አልሰጠም፤ ቢገለጥ ኖሮ 5 ሳንቲ ሜትር ይሆን ነበር፤ በስሌት አገኘሁት።

ሪያድ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 25 ዲግሪ ገደማ፣ ጆሃንስበርግ ወደ ደቡብ 26 ገደማ ናቸው፤ ከወገቡ ያላቸው ርቀት ተቀራራቢ ነው። የሚለያያቸው የምድር ማዘንበል ነው። ምድር በዛቢያዋ 23.4 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብላ፣ አቅጣጫዋን ሳትለውጥ ፀሐይን ትዞራለች። ሐምሌ ላይ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ወደ ፀሐይ ያዘነብላል፣ የደቡቡ ይሸሻል። ከስድስት ወር በኋላ ምድር በማዶ ስትሆን ነገሩ ይገለበጣል። ፀሐይ በአናት ስትቆም ብርሃኗ ተሰብስቦ ይወርዳል፤ ስታጋድል ያው ብርሃን በአንድ ተኩል እጥፍ መሬት ላይ ይሳሳል፤ ለአንድ እንጀራ የሚሆን ሊጥ በሰፊ ምጣድ ላይ እንደ ማዞር ነው።

ቀኑም ያጥራል። ጆሃንስበርግ ላይ ፀሐይ ለ10 ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ትታያለች፣ ሪያድ ላይ 13 ሰዓት ተኩል ገደማ። በኛ አቆጣጠር ገና 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጨለመ። ንጋቱን 12 ብለን የምንቆጥርበት ሰዓታችን የሚሠራው ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን መሆኑን ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት።

የአክስቴ ዝናብም ከዚሁ ነው። ፀሐይ በምትቆምበት አካባቢ የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ እርጥበት የተሸከመ ነፋስ ከሁለቱም ወገን ወደዚያ ይሰበሰባል። ይህ የዝናብ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ሐምሌ ላይ ወደ እኛ ይወጣል፣ ጥር ላይ ወደ አፍሪካ ደቡባዊ ክፍል ይወርዳል። ሆሳዕና ላይ የሚበርደን ፀሐይ ስለራቀች ሳይሆን ደመናው ስለሚጋርዳት ነው። የእናትየው ዝናብና የልጅየው ድርቅ አንድ ነገር መሆኑን ለዘመዴ ስነግረው፣ "ታዲያ የኔ ዝናብ ጥር ላይ ከእማዬ ነው የሚመጣው በለኛ" አለ።

ስመለስ ለእናቱ ብርድ ልብስ ላከ። ለእህቱ ግን ታኅሣሥ ላይ ነው የላከላት፤ ያን ጊዜ የሪያድ ሌሊት ይቀዘቅዛል።

ዓርብ ታኅሣሥ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ስልኬ ላይ ሦስት ፎቶ ገባ። ጆሃንስበርግ፦ ጠርሙሱ ሥር አንድ ሳንቲ ሜትር ጥላ። ሪያድ፦ 22 ሳንቲ ሜትር። ሦስተኛው ከሆሳዕና ነው፤ ጥርት ባለ ሰማይ ሥር፣ አክስቴ ግቢ ውስጥ የጎረቤት ልጅ ሜትር ዘርግቶ ተንበርክኳል። 12 ሳንቲ ሜትር፤ ጥላው ወደ ሰሜን ተኝቷል።