የጳውሎስ ዓምድ

ዛሬ ደብረ ማርቆስ፣ የአክስቴን ቤት ለማደስ ከግድግዳው ላይ አሮጌ ጋዜጣ ስንልጥ አጎቴ «ቆይ የኔ ልጅ፣ ያችን እንዳትነካት!» አሉኝ።

ጠጋ ብዬ አየሁ። አዲስ ዘመን ነው፤ «አንድ ጥያቄ አለኝ»፣ የጳውሎስ ኞኞ ዓምድ። ጭስ አጥቁሮታል። የአንባቢው ጥያቄ ይነበባል፣ መልሱ ላይ ግን ሌላ ገጽ ተደርቦበታል። አጎቴ በዱቄት ሙጫ የተጣበቀውን ጠርዝ በጥፍራቸው ቀስ እያሉ አላቀቁት። ግማሽ መስመር ብቅ አለ። አንብበው ብቻቸውን ሳቁ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ጋዜጣ ሲመጣ መጀመሪያ የምንገልጠው እሱን ነበር» አሉ።

ጳውሎስ ያረፈው በ1984 ዓ.ም. ነው። ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ የአገር ሰው ግን ከየአቅጣጫው ደብዳቤ የሚጽፈው ለእሱ ነበር። ባለ ሥልጣንም ገበሬም የሚስቅበት ቀልድ ነበረው። ዛሬ ፖለቲካ የምንጽፍ ሰዎች ስድቡን እንችልበታለን፤ የተነካው ሰው ራሱ እንዲስቅ አድርጎ መናገሩን ግን ከእሱ በኋላ ብዙም አላየሁትም። በጣም ይናፍቀኛል።

ቤታችሁ ግድግዳ ላይም ሆነ ሣጥን ውስጥ የጳውሎስ ዓምድ ያላችሁ፣ እባካችሁ ሳይቀደድ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። አንድ ላይ እንሰብስበው።